ማየትን የሚማረው አንጎል

በደብረ ታቦር ዙሪያ፥ ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ጋይንትና እስከ ስማዳ ድረስ ባሉት የአብነት ትምህርት ቤቶች የቀኑ ትምህርትና የሌሊቱ ትምህርት አንድ አይደለም። ፀሐይ ሳለች ልጆቹ በፊደሉና በዳዊቱ ላይ አጎንብሰው በዓይናቸው ይማራሉ፤ ሲመሽ ግን መምህሩ በቃላቸው እየሰጡ፥ ተማሪው በጆሮው እየተቀበለ ውዳሴ ማርያሙንና የዜማውን ቃል በልቡ ይይዛል። ከነዚሁ ተማሪዎች መካከል ለቀኑ ትምህርት ያልታደሉ፥ ቀኑንም ሌሊቱንም በጆሮ ብቻ የሚማሩ ዓይነ ስውራን ሁልጊዜ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የድጓ ምስክር በሆነችው በቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር በሆነችው በዙር አምባ አገር፥ ብራና ሳይገልጥ ሙሉውን ዜማ ከቃሉ የሚያወርድ ዓይነ ስውር ሊቅ ማግኘት ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

«እግዚአብሔር ዓይኑን ቢነሣው ልቡን አበራለት» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህ አነጋገር ለማጽናናት ያህል ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን በዘመናችን የአንጎልን ሥራ በሥዕል የሚከታተሉ ጠበብት ያገኙት ነገር ከዚህ የአገር አነጋገር ጋር በጣም የሚቀራረብ ሆኖ ስላገኘነው፥ ለቤተ ሰብ በሚስማማ ቋንቋ ልናቀርበው ወደድን። ከውስጡም ለእናቶችና ለአባቶች የሚሆን አስቸኳይ ነገር ይገኝበታልና እስከ ፍጻሜው እንዲያነቡልን እንለምናለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ሁሉ «በዓይኔ አየሁ» ይላል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ዓይን መስኮት ነው፤ በመስኮቱ የሚመለከተው ቤተኛ ያለው ከውስጥ ነው። ብርሃን በብሌን በኩል ገብቶ፥ ከብሌን በስተኋላ ባለው እንደ መስተዋት በጠራው ሌንስ ተሰብስቦ፥ በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በተዘረጋው ሬቲና በሚባለው ስስ መጋረጃ ላይ ያርፋል። ሬቲናውም ብርሃኑን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጠዋል፤ መልእክቱም ተጉዞ ከማጅራታችን በላይ ወዳለው የአንጎል የኋለኛ ክፍል ይደርሳል። ይህንን በግልጽ ካስረዱት ነገሮች አንዱ የጦርነት ቁስል ነው። በ1904 እና በ1905 በሩስያና በጃፓን መካከል በተደረገው ጦርነት፥ የራሳቸውን የኋላ ክፍል ጥይት የመታቸው ወታደሮች ዓይናቸው ደኅና ሳለ ከሚያዩት ሜዳ ከፊሉ ጠፍቶባቸው ተገኘ። ታትሱጂ ኢኖዬ የተባሉ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪምም ቁስሉ ያለበትን ስፍራና የጠፋውን የእይታ ክፍል እያስተያዩ የአንጎሉን የማያ ስፍራ ካርታ ሠርተው በ1909 አሳተሙ።

ይህ ስለ ቆሰለ አንጎል ነው። ጤነኛ አንጎል በማየት ላይ ሳለ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ግን ራስን ከፍቶ መመልከት አይቻልም። ስለዚህ ነገር ከተጻፉት ሁሉ እኛን ይልቁን የማረከን በ1928 የታተመው የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ነው። በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፥ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል አንድ ወጣት ተኝቶ ነበር። በአንጎሉ የኋለኛ ክፍል ላይ የደም ሥሮች ያለ ልክ ተጠላልፈው አድገውበት ስለ ነበረ፥ ስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ከፍተው ከተመለከቱ በኋላ ሊያወጡት ስላልቻሉ መልሰው ዘጉት። ከራስ ቅሉ አጥንት ጥቂት ተነሥቶ ስለ ነበረ ግን በዚያ ቦታ ላይ የሐኪም ማዳመጫ ሲደረግ ደሙ ሲያልፍ እንደ ጅረት ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። ሕመምተኛውም ራሱ፥ በዓይኑ ሲሠራ በራሱ ውስጥ ያለው ድምፅ እንደሚበረታ ይናገር ነበር። ጆን ፉልተን የተባሉት ሐኪም ይህን ቃል ችላ አላሉትም። ሕመምተኛው በጨለማ ክፍል ዐርፎ ሲቀመጥ ድምፁ ዝግ ይላል፤ ጋዜጣ ተሰጥቶት ደቃቁን ፊደል ለማንበብ ሲጣጣር ግን ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ይጐላል። ሽታ እንዲያሸት ቢደረግ ለውጥ የለም። ፉልተንም ይህን ሁሉ በጥንቃቄ መዝግበው አሳተሙት።

ከዚህ የምንማረው ደም ወደሚሠራው የአንጎል ክፍል እንደሚፈጥን ነው። የፎገራ ገበሬ የመስኖውን ውሃ ለሜዳው ሁሉ እኩል አይለቅም፤ ቡቃያው ወደሚጠማበት መደብ ቦዩን ይከፍታል። አንጎልም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስናነብ የዓይኑን መደብ ያጠጣል፥ ስናዳምጥ የጆሮውን። በእርግጥ ሮይና ሼሪንግተን የተባሉት እንግሊዛውያን ሊቃውንት ይህን አሳብ ቀደም ብለው በ1890 አቅርበውት ነበር፤ የቦስተኑ ወጣት ግን በጆሮ የሚሰማ አደረገው።

በጆሮ የተሰማው ነገር በዓይን እስኪታይ ድረስ ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። በ1991 በዚያችው በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠሩ ጠበብት፥ ጆን ቤሊቮ የተባሉት ተመራማሪ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው፥ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚመለከቱ ሰዎችን በኤም አር አይ መሣሪያ አንሥተው የአንጎላቸው የኋለኛ ክፍል በደም ሲሞላ የሚያሳይ ሥዕል አወጡ። ለዚህ ግን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልግ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1992፥ በዚያው ሆስፒታል ኬኔት ኩዎንግ፥ በሌላም በኩል ሴጂ ኦጋዋ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅ፥ መርፌ ሳያስፈልግ ይህንኑ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ባጭሩ እንናገር። ደማችንን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲሸከምና ኦክስጅኑን ካራገፈ በኋላ በማግኔት ፊት የሚኖረው ጠባይ የተለያየ ነው፤ ይህም ከ1936 ጀምሮ የታወቀ ነበር። ኤም አር አይ ደግሞ ኃይለኛ ማግኔት ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲይዝ ከሚጨርሰው ይልቅ አብልጦ ትኩስ ደም ይመጣለታልና ኦክስጅኑን ያራገፈው ደም መጠን በዚያ ስፍራ ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ያን ቦታ ጥቂት አድምቆ ያሳየዋል። የድምቀቱ ልዩነት ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ የሚመጣውም ሥራው ከተጀመረ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው። በአንዳንድ ጋዜጦች ላይ የሚታየው ቀይና ቢጫ የተቀባው የአንጎል ሥዕል ብዙ ሰዎችን «አሳብ ይነበባል» እንዲሉ አድርጓቸዋል። ቀለሙ የተቀባው በሒሳብ ተሰልቶ ነው፤ የሚያመለክተውም የደሙን መብዛት እንጂ የሰውየውን የልብ ምሥጢር አይደለም። ልብና ኩላሊትን የሚመረምር አንድ አምላክ ብቻ መሆኑን የምናምን ሰዎች በዚህ ልንታለል አይገባንም።

ይህ ሁሉ ለጊዜው ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋው ለውጥ ነው። የሚቀረውስ? ሰው ዓይኑን በአንድ ነገር ሲያለማምድ የአንጎሉ ሥጋ ራሱ ይለወጥ እንደ ሆነ በ2004 በጀርመን አገር ተመረመረ። ሦስት ኳስ በአየር እየወረወሩ መቅለብን ለሦስት ወር የተለማመዱ ሰዎች፥ የሚንቀሳቀስ ነገርን ለማየት በሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል ላይ የመጠን ጭማሪ ተገኘባቸው፤ ልምምዱን ሲተዉም ጭማሪው ወደ ኋላ ተመለሰ። ለእኛ ግን ከኳሱ ይልቅ በ2010 ስታኒስላስ ደሃን የተባሉት የፈረንሳይ ሊቅና ጓደኞቻቸው ያሳተሙት ይበልጣል። በብራዚልና በፖርቱጋል የሚኖሩ፥ ማንበብ የማያውቁ፥ በሕፃንነታቸው ያወቁና በጎልማሳነታቸው የተማሩ ሰዎች በዚሁ መሣሪያ ተመረመሩ። ማንበብ በተማረው ሰው አንጎል ውስጥ፥ በስተግራ በኩል፥ ፊደል ሲያይ ፈጥኖ የሚነሣ አንድ ስፍራ ተገኘ፤ ባልተማረው ዘንድ ይህ ስፍራ ለፊደል አይነሣም። በጎልማሳነቱ የተማረውም ይህን ለውጥ አግኝቶታል።

እንግዲህ የኔታ በስንደዶ ጫፍ «ሀ» ብለው ሲያመለክቱ፥ ልጁም ተከትሎ ሲቆጥር፥ በብራናው ላይ ብቻ ሳይሆን በልጁ አንጎል ላይም ይጻፋል ማለት ነው። ፈጣሪ የሰውን አንጎል አስቀድሞ ፊደል የሚያነብ አድርጎ አልፈጠረውም፤ ፊደልን ለመቀበል የሚታረስ መሬት አድርጎ ፈጥሮታል ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን ወደ ዓይነ ስውሩ ተማሪ እንመለስ። ከዓይኑ መልእክት የማይደርሰው የአንጎል የኋለኛ ክፍል ምን ይሆናል? ጦም ያድራልን? በ1996 የታተመ ጥናት፥ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውራን የሆኑ ሰዎች የብሬልን ፊደል በጣታቸው ሲያነቡ ይህ ክፍል እንደሚሠራ አሳየ። በ2003 ደግሞ በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አሚር አመዲ፥ ኤሁድ ዞሃሪና ባልንጀሮቻቸው ከዚህ የሚደንቅ ነገር አሳተሙ። ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱ ሰዎች ቃላትን ከትዝታቸው ሲያወጡ፥ ለማየት የተመደበው የአንጎላቸው ክፍል ይሠራል፤ በቃል በመያዝም ከሚያዩት በልጠው ተገኙ፤ ይህ ክፍል አብልጦ የሚሠራለት ሰውም አብልጦ የሚያስታውስ ሆነ። የተመረመሩት ሰዎች የእኛ የድጓ ተማሪዎች አይደሉም፤ ነገር ግን በጋይንት ተራራ ላይ ድጓውን በልቡ የተሸከመውን ዓይነ ስውር ሊቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ለአንባቢያችን እንተወዋለን።

ይህ በረከት ነው። ነገር ግን ሌላ ፊት አለው፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደንም ያ ነው። መሬቱ ሌላ ከተዘራበት በኋላ የመጀመሪያው ዘር ቢመጣ ቦታ ያገኛልን? ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ሊቃውንት በ1960ዎቹ ዓመታት የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን በመጀመሪያዎቹ የሕይወታቸው ሳምንታት ሸፍነው ቢያቆዩ፥ ዓይኑ ደኅና ሳለ አንጎሉ በዚያ ዓይን ማየትን ሳይማር ቀረ። ትልቅ ድመት ላይ ቢያደርጉት ግን ይህ ጉዳት አልደረሰም። ለዚህና ለመሰል ሥራቸው በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ማየት የሚማሩበት ወራት አለ ማለት ነው፤ እርሱም ሕፃንነት ነው።

በሰው ልጅ ላይ ይህ የታየው ደግሞ በአገራችን ነው። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ የተወለዱ፥ ማንም ሳያክማቸው አድገው ከብዙ ዓመት በኋላ በሐዋሳ ከተማ ቀዶ ሕክምና ያገኙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ነበሩ። ከላይ ስማቸውን የጠቀስናቸው ዞሃሪ፥ ከዓይን ሐኪሙ ከኢታይ ቤን ጺዮንና ከሌሎች ጋር ሆነው እነዚህን ልጆች ተከታተሉ፤ የመጀመሪያውን ውጤት አየለት ማክይተን የተባሉት ተመራማሪ በ2015 ከነርሱ ጋር አሳተሙት። ልጆቹ ሞራው ከተነሣላቸው በኋላ ቀለምን ከቀለም፥ ትልቁን ከትንሹ፥ በመስመር የተሣለውን ክብ ከማዕዘን መለየት ቻሉ። ነገር ግን የአንድን ነገር ቅርጽ ከብርሃንና ከጥላው ማወቅ፥ ወይም በሌላ ነገር በከፊል የተሸፈነውን መለየት፥ ማንም የሚያይ ሕፃን ሳያስብ የሚያደርገውን ነገር፥ ተሳናቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ አንጎላቸው ግን ገና አልተማረም። ወንጌላዊው ማርቆስ በ8ኛው ምዕራፍ የጻፈውን የቤተ ሳይዳውን ዕውር አሰብን፤ ጌታ በመጀመሪያ እጁን በጫነበት ጊዜ አየ፥ ነገር ግን ሰውን ከዛፍ ለይቶ አላወቀም፤ ሁለተኛ እጁን በጫነበት ጊዜ ነው አጥርቶ ያየው። በሐዋሳ ልጆች ዘንድ ሁለተኛው ሥራ የብዙ ጊዜ ትምህርት ነው።

ይህን ስንል ልጁ ያደገበትን ወላጅ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በ2023 ከህንድ አገር የመጣው ምርምር የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ይዘው ተወልደው በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ የታከሙ ልጆች አንጎል ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በኤም አር አይ ተነሣ። የማያውን ክፍል ከሌላው የአንጎል ክፍል የሚያገናኙት የነጩ ክፍል የነርቭ መንገዶች ከሕክምናው በኋላ ተሻሽለው ተገኙ፤ ለውጡም ከዕድሜ ጋር ከሚመጣው ያለፈ ነበረ። የሰውን ፊት መለየት የተሻሻለላቸውም እነዚህ መንገዶች በተሻሻሉላቸው ልክ ሆነ። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅ ቢሆንም «አሁንማ አልፎበታል» ተብሎ ከቤት ሊቀር አይገባም፤ የሚያገኘው ማየት ሙሉ ባይሆንም መንገድ የሚመራና ፊትን የሚለይ ሊሆን ይችላልና።

በሞራና በትራኮማ መካከል ያለውን ልዩነትም ለደቡብ ጎንደር ሰው መንገር ይገባል፤ በዚህ አገር የዓይን በሽታ ሲባል ፈጥኖ የሚታሰበው ትራኮማ ነውና። በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ቆጠራ፥ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶው ከ62 የሚበልጡት ትራኮማ ነበረባቸው፤ ከዚያ ወዲህ በፊት መታጠብና በመድኃኒት እደላ ብዙ ተሠርቷል። ትራኮማ ዓይንን የሚያጠፋው ቀስ በቀስ፥ ብዙ ጊዜ በጎልማሳነት፥ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን እየፋቀ ነው፤ አንጎሉ ማየትን ተምሮ ካበቃ በኋላ ማለት ነው። ከሞራ ጋር የተወለደው ሕፃን ግን ቀኑ የሚቆጠርበት ነው።

ምን ያህል ቀን? ሁለቱም ዓይኖቹ በወፍራም ሞራ ተሸፍነው የተወለደ ሕፃን እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ቢታከም እጅግ የተሻለ ማየት እንደሚያገኝ ሐኪሞች ይናገራሉ። ስምንት ሳምንት 56 ቀን ነው። በእኛ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ለጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። ስለዚህ ለወንዱ ልጅ የክርስትናው ዕለት የዓይኑን ብሌን ለማየት ሳይመሽበት የሚገኝ ቀን ነው፤ እናትና የክርስትና አባት በደጀ ሰላሙ ብርሃን ይመልከቱት። ለሴቷ ልጅ ግን 80 ቀን መጠበቅ ዘግይቶ መገኘት ነውና እናት ገና በአራስነቷ በቤቷ በራፍ ላይ በቀን ብርሃን ትመልከታት።

የሚታየው ምልክት ይህ ነው። የሕፃን ብሌን ጥቁር መሆን ይገባዋል፤ መካከሉ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ፥ ወይም ፎቶግራፍ ሲነሣ አንዱ ዓይን ነጭ ሆኖ ከወጣ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ነጩ ነገር ሞራ ላይሆን ይችላል፤ ሕይወትን የሚያጠፋ የሕፃናት የዓይን ካንሰርም እንዲሁ ነጭ ሆኖ ይታያልና። ሦስት ወር ሞልቶት የእናቱን ፊት በዓይኑ የማይከተል፥ ዓይኑ ያለ ማረፍ የሚዋልል፥ ወይም አንዱ ዓይኑ ሁልጊዜ ሸውራራ የሆነ ሕፃንም እንዲሁ ይታይ። ከጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፥ ከዚያም እንደ ነገሩ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። መንገዱ ሩቅና ዘወትር የተመቸ አለመሆኑን እናውቃለን፤ ያለቀሰችም እናት «እስኪጠነክር ድረስ ልቆይ» ብትል አንፈርድባትም። ነገር ግን እርሱ ሲጠነክር ጊዜው እየደከመ ነው።

አንዳንዶች «ጠበል አለ» ይላሉ። ጠበሉን የሚከለክል የለም። ጌታ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በጭቃ ቀብቶ ወደ ሰሊሆም ላከው፤ ሰውየውም ሄደ፥ አልዘገየም። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ጠበሉን እየተጠመቁ ወደ ሐኪም መሄድን ቤተ ክርስቲያናችን ነውር አላለችውም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣውንም ወላጅ አስቀድሞ ይወቅ። ሞራው ሲነሣ የዓይኑ ሌንስ አብሮ ስለሚነሣ ሕፃኑ ወፍራም መነጽር ያስፈልገዋል፤ ዓይኑ ሲያድግም መነጽሩ ይለወጣል። ልጁ ይጥለዋል፥ ያለቅሳል፥ ጎረቤትም «ለዚህች ነፍስ መነጽር ምን ሊሆናት ነው?» ይላል። መነጽሩን በሰፊ ክር ከኋላ አሥሮ፥ ነቅቶ ሳለ ሁሉ እንዲያደርገው ማድረግ ነው። አንዱ ዓይን ብቻ ታክሞ እንደ ሆነ፥ ሐኪሙ ደኅናውን ዓይን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት እንዲሸፈን ያዝዛል፤ ይህም ለጭካኔ ሳይሆን አንጎሉ የታከመውን ዓይን ለመስማት እንዲገደድ ነው። ሥራው የወራትና የዓመታት ነው፤ በመካከሉ ቀጠሮ አይታለፍ፤ መነጽሩ ቢሰበርም ሌላ እስኪገኝ ያለው ጊዜ ይጠር።